ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል

ስለ ሐይቅ ዳር ደንብና ስለ ተንሳፋፊ ዕቃዎች መከልከል፥ ከሽርሽር ኮሚቴ ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ የሰበሰብናችሁ ስለ መኪና ካላማዳሪያ ለመነጋገር ነው ብንላችሁ ሳትስቁብን አትቀሩም። የምግብ ቤቱ ወጥ፥ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፥ የመኝታ ክፍሉ መብራት ገና መፍትሔ ሳያገኝ፥ የሽርሽር ኮሚቴው በአየር ስለሚነፋ ጎማ ሊያወራ መነሣቱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችንን ልናጣ የደረስነው በወጡ ወይም በመብራቱ ምክንያት አልነበረም። በካላማዳሪያ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

በጉዞው ያልነበራችሁ ስላላችሁ ነገሩን ባጭሩ እንተርከዋለን። በፋሲካ ዕረፍት ሁለት አውቶቡስ ሞልተን ወደ ላንጋኖ ወረድን። ከመነሣታችን በፊት ከአንድ ጎሚስታ ዘንድ አራት የጭነት መኪና ካላማዳሪያዎች ገዛን። የተለጣጠፉ ቢሆኑም አየር ይይዙ ነበር፤ ዋጋቸውም ርካሽ ስለ ነበረ ገንዘብ ያዣችን በጣም ተደሰተ። ይህን ያደረግነው ዋና የማይችሉት አባሎቻችን ቀኑን ሙሉ የሌላውን ልብስ ሲጠብቁ እንዳይውሉ ብለን ነው፤ ሐሳባችን ቅን ነበር። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ሁሉም ነገር አማረ።

ከምሳ በኋላ አንድ ጓደኛችን፥ የደጋ ልጅ፥ በበጋ ወንዝ ከመሻገር በቀር ውኃ የማያውቅ፥ በካላማዳሪያው ላይ ጋደም ብሎ እግሩን በውኃ እየመታ ይዝናና ጀመር። እኛም ከዳር ሆነን ፎቶግራፍ እናነሣው ነበር። በዚህ መካከል ከበስተኋላችን፥ ከየብስ ወደ ሐይቅ፥ ነፋስ ተነሣ። ዳር ለቆመ ሰው እንዲህ ያለው ነፋስ ደስ የሚል ቀዝቃዛ አየር እንጂ አደጋ አይመስለውም፤ ማዕበሉም የሚነሣው ራቅ ብሎ ስለ ሆነ ከፊት ያለው ውኃ እንደ ተኛ ይታያል። ጓደኛችን ግን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እየሳቀ ይርቅ ነበር። ከዚያ ሲጣራ የሚዘፍን መሰለን፤ እጁን ሲያወዛውዝ ሰላምታ መሰለንና እኛም አወዛወዝንለት። መራቁን የተረዳነው መልኩን መለየት ሲያቅተን ነው። ከመካከላችን በዋና የታወቀው ዘሎ ገባ፤ እኩሌታውን ሳይደርስ ዛለ፤ እርሱ ራሱ የተመለሰው በጭንቅ ነው። በመጨረሻ ጓደኛችንን ያዳነው መረቡን ሊያይ በጀልባ የወጣ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ነው። ወደ የብስ ሲደርስ ጓደኛችን የተናገረው ይህን ብቻ ነበር፤ «ዘልዬ ልወርድ ነበር እኮ፤ ዳሩ ቅርብ መስሎኝ» አለ።

በዚያን ቀን ገመድ አልነበረንም። ጠባቂ አላቆምንም። ጀልባ ከወዴት እንደሚገኝ አልጠየቅንም። ዋና የሚችለውና የማይችለው ማን እንደ ሆነ አልቆጠርንም። ጥፋቱ የሐይቁ አይደለም፥ የጓደኛችንም አይደለም፤ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው። ዛሬ ደንብ ይዘን የቀረብነው በደለኞች ሆነን እንጂ ዐዋቂዎች ሆነን አለመሆኑን አስቀድመን እንናገራለን።

አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ ውኃ ብቻ ሳይሆን ስለ ብዙ ነገር ይነገራል፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ትርጉሙ ቃል በቃል ሲፈጸም አየን። ጓደኛችን እየሳቀ ሄደ፤ እኛም እየሳቅን ሸኘነው።

እንግዲህ ካላማዳሪያው ምን ጥፋት አለበት ብለን እንጠይቅ። ሰው የመሸከም ኃይል አያንሰውም። የፊዚክስ መምህሮቻችን እንደሚያስተምሩን አንድ ሊትር አየር በውኃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። የሰው ገላ ክብደቱ ከውኃ ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ አንድ ጐልማሳ ራሱን ከውኃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። የጭነት መኪና ካላማዳሪያ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይችላል። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እርሱም በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፥ ካላማዳሪያ ከሰው ጋር አይታሰርም። ሰው ይይዘዋል እንጂ እርሱ ሰውን አይዝም። ማዕበል ሲገለብጠው፥ ወይም ሰው በመካከሉ ሲያንሸራትት፥ ዕቃው ወደ አንድ ወገን ሰውየው ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ። እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚለይ ወዳጅ ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ክብደቱ ቀላል፥ ገላው ሰፊ ስለ ሆነ የነፋስ ሸራ ነው። ነፋስ አንድን ተንሳፋፊ በየሰከንዱ ግማሽ ሜትር ብቻ ይገፋዋል እንበል። ይህ የሽማግሌ እርምጃ እንኳ አይሆንም። ነገር ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ 300 ሜትር ይሆናል። በተኛበት በእጁ የሚቀዝፍ ሰው ነፋስን ተቃውሞ ይህን ያህል መመለስ አይችልም። ከዚህም የባሰው፥ ለማዳን የሚዋኘው ሰው ሲደርስ ዕቃው ደግሞ ራቅ ብሎ መገኘቱ ነው። የእኛ ዋናተኛ የዛለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፥ የሚጠብቀውን ሰው ዐይን ይጋርዳል። በመዋኛ ቦታ ላይ ዐሥር የሚነፉ ጎማዎችና ፍራሾች ከተበተኑ በሥራቸው ማን እንደ ገባና ማን እንዳልወጣ ከዳር ሆኖ ማየት አይቻልም።

አራተኛውና ዋነኛው ግን ይህ ነው፤ ካላማዳሪያ ሰውን በገዛ ጉልበቱ ሊመለስ ወደማይችልበት ቦታ ያደርሰዋል። ዋና የማይችል ሰው በእግሩ ሲገባ ውኃው ደረቱ ሲደርስ ፍርሃት ይይዘውና ይመለሳል። ይህ ፍርሃት የእግዜር ዘበኛ ነው። ካላማዳሪያ ይህን ዘበኛ ጉቦ ሰጥቶ ያስተኛዋል። ዕቃው በተበሳ ጊዜ ወይም በተገለበጠ ጊዜ ዘበኛው ይነቃል፤ ያን ጊዜ ግን ከእግር በታች የሚረገጥ መሬት የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው «ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» የተባለው ነው።

የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብለን የምናስብም ተሳስተናል። ፍራንክ ፒያ የተባለ በኒው ዮርክ በኦርቻርድ ቢች የነፍስ አድን ሠራተኛ የነበረ ሰው በመስጠም ላይ የነበሩትን ሰዎች በፊልም አንሥቶ መረመረ፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሳወቀ። በእርሱ ጥናት መሠረት መስጠም የጀመረ ሰው አይጮኽም፥ ምክንያቱም አፉ ከውኃ በላይ የሚቆይበት ጊዜ ለመተንፈስ እንኳ አይበቃውም። እጁንም አያወዛውዝም፥ ምክንያቱም ሁለቱ እጆቹ ሳያዝዛቸው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ይህም የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ጓደኛችን የጮኸልንና እጁን ያወዛወዘልን ገና በጎማው ላይ ስለ ነበረ ነው። ቢንሸራተት ኖሮ ጸጥታ ብቻ እንሰማ ነበር። የላንጋኖ ውኃ ደግሞ ደለል የበዛበት ቡናማ ስለ ሆነ ክንድ ያህል እንኳ ወደ ውስጥ አያሳይም፤ የሰመጠን ሰው ከዳር ሆኖ ፈልጎ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

ይህን የምናወራው ለማስፈራራት እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደ ሞቱ ገምቷል። ከ10ሩ 9 የሚሆኑት የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሟቾቹም እኩሌታ የሚያህሉት 29 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነውን በዕድሜ ብትቆጥሩን ነገሩ ስለ ማን እንደሚናገር ይገባችኋል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ነገር ምን አደረጉ? ሁለት ምሳሌ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በሐምሌ ወር በሩገን ደሴት በቢንስ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰዎች መርከብ ሲጠብቁ የቆሙበት የእንጨት መድረክ ተሰበረ። ብዙ ሰው ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ከ15 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። የወደቁት አብዛኞቹ ዋና የማይችሉ ነበሩ፤ በዳር ከቆሙትም የማዳን ዘዴ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በዚያ አገር የሆነው ልቅሶ ብቻ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1913፥ ዋናና የማዳን ዘዴ የሚያስተምር ማኅበር በላይፕሲክ ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። ይህ ማኅበር ልጆች በቃል እንዲያጠኑት ካወጣቸው የመዋኛ ደንቦች ውስጥ የሚነፋ ፍራሽ፥ የመኪና ካላማዳሪያና የጎማ እንስሳ በውኃ ላይ አደገኛ መሆናቸውን የሚናገር ይገኝበታል። ካላማዳሪያችን እንዲህ በዓለም የታወቀ መሆኑን ስናነብ ተገርመናል።

ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። በዚያ አገር በብዙ የሕዝብ መዋኛ ሐይቆች በአየር የሚነፋ ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። የሚፈቀደው የአገሩ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፥ ኮስት ጋርድ የሚባለው፥ መርምሮ ማኅተሙን ያሳረፈበት ላይፍ ጃኬት፥ ማለት የነፍስ አድን ሰደርያ ብቻ ነው። ልዩነቱን አስተውሉ። ሰደርያው በመቆለፊያ ከገላ ጋር ይታሰራል፤ ሰው ቢደክም፥ እጁ ቢዝል፥ አይለየውም። ለጐልማሳ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት 7 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ቀደም ብለን ከጠቀስነው ከሚያስፈልገው ኃይል በላይ ነው። ያው ኮስት ጋርድ በየዓመቱ በሚያወጣው ቈጠራ በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት ከ10ሩ ከ8 የሚበልጡት ሰደርያ ያልለበሱ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ «ተንሳፋፊ» በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ መጫወቻ፥ ሌላው መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ስሕተታችንን መናዘዝ አለብን። ከላንጋኖ በተመለስን በሳምንቱ የጻፍነው የመጀመሪያ ረቂቅ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ማናቸውም ተንሳፋፊ ነገር ይዞ ወደ ውኃ መግባት ክልክል ነው፤ ዋና የማይችል አባል ወደ ውኃ አይገባም» ይል ነበር። ደንግጠን ስለ ነበር ሁሉንም ከልክለን ለመገላገል ፈለግን። ረቂቁን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በለጠፍን ማግሥት አንዲት የአንደኛ ዓመት እኅታችን ቢሮአችን መጥታ እንዲህ አለችን፤ «እኔ ባደግሁበት ቀበሌ ወንድሞቼ ከወንዝ ወርደው ሲዋኙ እኔ ውኃ ቀድቼ እመለስ ነበር። ዋና እንድማር ማንም አልፈቀደልኝም። እናንተ አሁን ዋና ስለማልችል ውኃ እንዳልገባ ትከለክሉኛላችሁ። ታዲያ መቼ ልማር?»

መልስ አልነበረንም። ደንባችን ደካማውን የሚጠብቅ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ደካማውን እንደ ደካማ የሚያስቀር ሆኖ ተገኘ። ለወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ፥ ለአብዛኞቹ እኅቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ማለት ነበር። ረቂቁን ከሰሌዳው ላይ ያነሣነው በዚያው ቀን ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ግን ኋላ ተረዳን። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ሁሉ በማሳቹሴትስ ያለውን የዋልደን ኩሬ ያውቁታል፤ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1847 በዳርቻው ጐጆ ሠርቶ የኖረበት ነው። ኩሬ ቢባልም ጥልቀቱ 30 ሜትር ያልፋል። በ2021 በዚያ ክፍለ አገር በልዩ ልዩ ውኃዎች ብዙ ሰዎች ስለ ሰመጡ ባለሥልጣኖቹ በሐምሌ መጀመሪያ ከተከለለው የመዋኛ ስፍራ ወጥቶ መዋኘትን በዋልደን ፈጽመው ከለከሉ። ለዓመታት በዚያ ሲዋኙ የኖሩ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው አቤት አሉ፤ ክልከላውም ብዙ ቀን ሳይቆይ ተነሥቶ በሰዓትና በሁኔታ የተወሰነ ፈቃድ ተተካ። ረጅም ርቀት የሚዋኙ ሰዎች ደግሞ ከሩቅ እንዲታዩ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ በወገባቸው አስረው ይጎትታሉ። ስለዚህ ተንሳፋፊ ነገር በአንድ ቦታ የሚከለከል፥ በሌላ ቦታ የሚመከር ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሥራው ነው። ከድንጋጤ የተወለደ ክልከላ ዕድሜው አጭር መሆኑንም ከዚህ ተምረናል።

አሁን ወደ አገራችን ሐይቆች እንመለስ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉምና። ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ የምናገኛቸው ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጕድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳራቸው እንደ ገደል ስለሚወርድ ሁለት ሦስት እርምጃ የረገጠ ሰው አራተኛውን አያገኘውም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር፥ የባቦጋያ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ላንጋኖ ዳሩ ሰፊና ገራም ቢመስልም ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚነሣበት ነው። ዓባያና ጫሞ ደግሞ አዞ ስላለባቸው ስለ መዋኛ መከራከር አያስፈልግም። የአንዱን ሐይቅ ልምድ ይዞ በሌላው መግባት እንደማይገባ ከዚህ ይታያል።

ከባዕድ አገር ብቻ የምንማር እንዳይመስላችሁም፥ በጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚሄደውን ሰው ተመልከቱ። የታንኳው ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ እንደሚጠጣና እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ ሲመለስ ከውኃው አውጥቶ በፀሓይ ያደርቀዋል። ያ ሰው ትምህርት ቤት ሄዶ ስለ መንሳፈፍ ሕግ አልተማረም ይሆናል፤ ነገር ግን የተሸከመው ነገር እስከ መቼ እንደሚሸከመው ያውቃል። እኛ አርኪሜዲስን በቃላችን የምንደግም ሰዎች የካላማዳሪያውን ልጣፊ እንኳ አላየንም።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ሁሉ መሠረት አድርገን ያዘጋጀነው ረቂቅ ደንብ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ካላማዳሪያ፥ የሚነፋ ፍራሽና ይህን የመሰለ መጫወቻ ይዞ ወደ ሐይቅ መግባት ክልክል ነው።

፪ኛ፤ የነፍስ አድን ሰደርያ የተፈቀደ ነው። በጀልባ ለሚወጣ ሰው ሁሉ፥ ዋና ቢችልም ባይችልም፥ ግዴታ ነው። ሰደርያው በልክ የሆነና የተቆለፈ ይሁን፤ ተቀምጠውበት የሚሄዱት ሰደርያ ትራስ እንጂ ነፍስ አድን አይደለም።

፫ኛ፤ ማንም ከመግባቱ በፊት ሁለት ዋናተኞች በገመድ ታስረው የውኃውን ጥልቀት በዘንግ ይለካሉ። ውኃው እስከ ደረት የሚደርስበት ቦታ በገመድ ይከለላል። ዋና የማይችሉ አባሎች በዚህ ክልል ውስጥ፥ ከአንድ ዋናተኛ ጋር ሆነው፥ ይገባሉ፤ ይማራሉም።

፬ኛ፤ ሁለት ጠባቂዎች በየግማሽ ሰዓቱ እየተለዋወጡ ይቆማሉ። ጠባቂ ፊሽካ ይይዛል፤ መጽሐፍ፥ ስልክና ፎቶግራፍ ማንሻ አይይዝም። የሚዋኙት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ እያንዳንዱ የጥንዱን እጅ ይዞ ያሳያል።

፭ኛ፤ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ይወጣል። መጠጥ የቀመሰ ሰው አይገባም። ከመሸ በኋላ ማንም አይገባም። የአካባቢው ሰዎች «እዚህ አይገባም» ካሉ የክርክር ክበባችንን ችሎታ በእነርሱ ላይ አንሞክርም።

፮ኛ፤ ኮሚቴው 20 ሜትር ገመድና ክዳኑ የጠበቀ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሳይዝ ከግቢ አይወጣም።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው ጥቂት እንናገር። ባዶ ጀሪካን በየቤቱ አለ። አየር የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ይህም የአብዛኛውን ጐልማሳ ራስ ከውኃ በላይ ለማቆየት በቂ ነው። ሲወረወር ነፋስ እንዳይመልሰው ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ይደረግበታል፤ በእጀታው ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ከሚሰምጠው ሰው ባሻገር ይወረወርና ወደ እርሱ ይጎተታል። የማዳን ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ በእጅ ወይም በዱላ ከዳር ሆኖ መድረስ፥ ካልተቻለ መወርወር፥ ካልተቻለ በጀልባ መሄድ ነው። ያለ መሣሪያ ዘሎ መግባት ጀግንነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ስለሚጫን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሬሳ ሁለት ሬሳ ያደርጋል። እንግዲህ ያው አየር በገመድ ታስሮ በዳር ባለ ሰው እጅ ሲሆን ያድናል፤ ሳይታሰር ዋና በማይችል ሰው ሥር ሲሆን ያጠፋል። የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገር ይኸው ነው።

ሰውየው ወጥቶ ባይተነፍስ፥ በአገራችን የተለመደው ሆዱን መጫን ወይም ገልብጦ ማንጠልጠል ጊዜ ማጥፋት ነው። ለሰመጠ ሰው የሚያስፈልገው አየር ስለ ሆነ በመጀመሪያ በአፍ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ደረቱ መካከል ላይ 30 ጊዜ እየተጫኑ 2 ጊዜ ትንፋሽ በመስጠት ሐኪም እስኪደርስ መቀጠል ነው። ይህ ግን በንግግር አይለመድም። ከጤና ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን አንድ ቅዳሜ እንዲያስተምሩን ጠይቀናል፤ ፈቃዳቸውን ሰጥተውናልና በስብሰባው ስም እናመሰግናቸዋለን።

የሚቀርቡብንን ተቃውሞዎች ከወዲሁ እንገምታለን። «እኛ ሕፃናት አይደለንም፤ በራሳችን ነፍስ እናዝዛለን» የሚል ይኖራል። መልሳችን፥ አንተ ስትሰምጥ ለማዳን የሚገባው ጓደኛህ ነፍስ የማን ነው የሚል ነው። «ሰደርያ ውድ ነው፤ ካላማዳሪያ የድኻ ሰደርያ ነው» የሚልም ይኖራል። ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው። ሰደርያ ለሁሉም ልንገዛ አንችልም፤ ለጀልባ የሚበቃ ብቻ እንከራያለን። ነገር ግን እስከ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ፥ ከጓደኛ ጋር፥ ጠባቂ ባለበት ለመማር ሰደርያም ካላማዳሪያም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። እርሱም በነጻ ይገኛል።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛው፥ ረቂቁን መርምራችሁ፥ አርማችሁ፥ በድምፅ እንድታጸድቁት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ክልከላ ግማሽ ደንብ ነው፤ ሌላው ግማሽ ትምህርት ነው። ዋና የምትችሉ ወንድሞችና እኅቶች ስማችሁን ዛሬ ማታ በበሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ እንድትጽፉልን፥ ዋና የማትችሉም ሳታፍሩ በሌላው ዓምድ እንድትመዘገቡ እንለምናለን። ኮሚቴው አንዱን ከአንዱ እያጣመደ በየሳምንቱ ወደ ከተማው መዋኛ ይወስዳል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንደ ተባለ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት መጀመር አለብን።

ከእኛ ከኮሚቴዎቹ ሦስቱ ራሳቸው ዋና የማይችሉ መሆናቸውንም መደበቅ አንፈልግም። በላንጋኖ ዳር ቆመው ጓደኛቸው ሲርቅ እጃቸውን ያወዛወዙት እነርሱ ናቸው። በመዝገቡ በሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች የእነርሱ ናቸው። አራተኛው የዚያች የአንደኛ ዓመት እኅታችን ነው። አምስተኛውን፥ በካላማዳሪያ የሄደው ጓደኛችን ትናንት ማታ ራሱ መጥቶ ጻፈው።

አራቱን ካላማዳሪያዎች ለሚመለከት፥ ሦስቱ ለጎሚስታው ተመልሰው ተሸጠዋል፤ በገንዘቡም ገመድ ገዝተናል። አራተኛው ከቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማየት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው።